የቤዝቦል ቡድን ባለቤቶችና የሀብታቸው ምንጭ፦ ከኒውዮርክ እስከ ነታንያ

ቤዝቦል ከተቃራኒ ቡድን የተወረወረለትን ኳስ በዱላ የመታ ተጫዋች በሜዳው ላይ የተቀመጡትን አራት ማረፊያዎች ሮጦ በመዞር ነጥብ የሚያስቆጥርበት ጨዋታ ሲሆን፣ በሰሜን አሜሪካ ከፍተኛው እርከን በሆነው በሜጀር ሊግ 30 ቡድኖች ይወዳደራሉ። የእነዚህን ቡድኖች ባለቤቶች ታሪክ የሚያጠና ሰው ደጋግሞ የሚያገኘው አንድ እውነት፣ ቡድን የሚገዛበት ገንዘብ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ከሜዳ ውጭ የተገኘ መሆኑ ነው። ጉዳዩ በክፋር ዮናና በአጎራባችዋ ነታንያ ለሚኖረው የአማርኛ አንባቢ ከሚገመተው በላይ ቅርብ ነው፤ ምክንያቱም ነታንያ ራሷ በ2007 (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በስሟ የሚጠራ የሙያ ቤዝቦል ቡድን ነበራት፤ ቡድኑም ከአንድ የበጋ ወቅት በላይ አልዘለቀም።

በመጀመሪያው ዘመን ከጨዋታው ውስጥ የወጡ ባለቤቶች አልጠፉም ነበር። ኮኒ ማክና ቻርልስ ኮሚስኪ ተጫዋች ሆነው ጀምረው ቡድን ለመያዝ የበቁ ሰዎች ናቸው። ከጀርመን የፈለሰው አይሁዳዊ ባርኒ ድራይፈስ ግን በውስኪ ንግድ ካፈራው ገንዘብ ተነስቶ የፒትስበርግ ፓይሬትስ ባለቤት ሆነ፤ በ1903 የሁለቱ ሊጎች አሸናፊዎች የሚገናኙበት የመጀመሪያው የዓለም ሻምፒዮና ውድድር እንዲካሄድም ዋነኛውን ሚና ተጫውቷል። ከእርሱ በኋላ የመጡት ጠማቂዎች ነበሩ። የቢራ ፋብሪካ ወራሹ ጄኮብ ሩፐርት ከአንድ ሸሪኩ ጋር በ1915 ኒውዮርክ ያንኪስን ገዛ፤ በ1919 መጨረሻም የቦስተን ሬድ ሶክስ ባለቤት ከነበረው የቲያትር አዘጋጅ ሃሪ ፍሬዚ ላይ ዝነኛውን ተጫዋች ቤብ ሩትን በ100,000 ዶላር ወሰደ። ከሽያጩ ጋር 300,000 ዶላር ያህል ብድር ለፍሬዚ ተሰጥቶ የነበረ ሲሆን፣ መያዣውም የቦስተኑ ሜዳ ራሱ ነበር። ዘመኑን ከሁሉ ይልቅ የሚያሳየው ይህ ውል ነው፤ አንዱ ባለቤት ገንዘብ ሲያጥረው የሌላው ባለቤት የቢራ ገንዘብ የሁለት ከተሞችን የስፖርት ዕጣ ለአሥርተ ዓመታት ወሰነ። የቺካጎው ዊልያም ሪግሊ በማስቲካ፣ በ1953 የሴንት ሉዊስ ካርዲናልስን የገዛው ኦገስት ቡሽ ደግሞ እንደ ሩፐርት በቢራ የከበሩ ነበሩ፤ ለቡሽ ቡድኑ የቢራው ማስታወቂያም ጭምር ነበር።

ሕጉም ለባለቤቶቹ አመቺ ነበር። የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1922 ቤዝቦል የንግድ ውድድርን ለመጠበቅ በወጣው የፀረ-ሞኖፖል ሕግ አይገዛም ብሎ ወሰነ። ተጫዋች ውሉ ቢያልቅም ቡድኑ ሳይለቀው ወደ ሌላ መሄድ የማይችልበት አሠራርም እስከ 1975 ድረስ ጸንቶ ቆየ፤ የባለቤቶቹ ትርፍ ከፊሉ ከዚህ የታሰረ ጉልበት የተገኘ መሆኑ ሊሸሸግ አይገባም። ሌላው ጥቅም ግብር ነው። ቢል ቪክ የተባለው የቡድን ባለቤት የገዛቸው ተጫዋቾች እንደ ፋብሪካ ማሽን በየዓመቱ ዋጋቸው የሚቀንስ ንብረት ተደርገው እንዲቆጠሩ ያስደረገ ሰው ሲሆን፣ ይህ የእርጅና ቅናሽ በመዝገብ ላይ ኪሳራ ሆኖ ስለሚታይ ባለቤቱ በሌላ ንግዱ ካተረፈው ላይ የሚከፍለውን ግብር ያቃልልለታል። ከ2004 ወዲህ ደግሞ ገዢው የግዢውን ዋጋ አብዛኛውን ክፍል በ15 ዓመት ከፋፍሎ ከግብር እንዲቀንስ ሕጉ ይፈቅድለታል። በኪሳራ ላይ ነን የሚሉ ባለቤቶች ቡድናቸውን ለምን እንደማይሸጡ ለመረዳት ይህን ማወቅ ያስፈልጋል።

ከ1970ዎቹ በኋላ የሀብቱ ምንጭ ተለዋወጠ። ከመርከብ ሥራ ቤተሰብ የወጣው ጆርጅ ስታይንብረነር ያንኪስን በ1973 ከሸሪኮቹ ጋር በ10 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ገዛ። የቴሌቪዥን ባለቤቱ ቴድ ተርነር በ1976 አትላንታ ብሬቭስን ሲገዛ በጣቢያው የሚያሠራጨው ጨዋታ አገኘ። የዲትሮይት ታይገርስ በ1983 የዶሚኖስ ፒዛ መሥራች፣ በ1992 ደግሞ የሌላ ፒዛ ኩባንያ መሥራች የሆነው ማይክ ኢሊች ንብረት ሆነ። ዛሬ ግን የሚያመዝነው የገንዘብ ገበያ ሰው ነው፦ የሬድ ሶክሱ ጆን ሄንሪ የምርቶችን የወደፊት ዋጋ አስልቶ በመገበያየት፣ በ2020 ኒውዮርክ ሜትስን በ2.4 ቢሊዮን ዶላር የገዛው ስቲቭ ኮኸን የሀብታሞችን ገንዘብ ሰብስቦ በአክሲዮን የሚነግድ ሄጅ ፈንድ የሚባል ድርጅት በመምራት ከብረዋል። የኮኸን የቀድሞ ድርጅት በ2013 ለሕዝብ ያልተገለጠ የውስጥ መረጃ ተጠቅሞ በመነገድ ጥፋተኝነቱን አምኖ ነበር፤ ሆኖም አዲስ ባለቤት ለመቀበል ከነባሮቹ የሦስት አራተኛው ድምፅ የሚጠየቅ ሲሆን እርሱ አግኝቶታል።

በጃፓን ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ከ12ቱ ቡድኖች አብዛኞቹ የኩባንያ ክፍሎች ሆነው የኩባንያውን ስም ይሸከማሉ፤ የዮሚዩሪ ጋዜጣ፣ የሃንሺን ባቡር፣ የሶፍትባንክ ቡድኖች ለዚህ አብነት ናቸው። የቡድኑ ኪሳራ በእናት ኩባንያው መዝገብ እንደ ማስታወቂያ ወጪ እንዲያዝ የግብር መሥሪያ ቤቱ በ1954 ፈቅዷል። ኢትዮጵያዊ አንባቢ ይህን አሠራር ከአገሩ እግር ኳስ ያውቀዋል፤ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክ፣ ኢትዮጵያ መድንና የመከላከያው መቻል በአሠሪ ተቋማቸው በጀት የሚተዳደሩ ሲሆኑ፣ እንደ ባሕር ዳር ከተማ ያሉት ደግሞ በከተማ አስተዳደር ትከሻ ላይ ናቸው።

ታይገርስ የተባለው የነታንያው ቡድን የተወለደው ከእነዚህ ሁሉ በተለየ መንገድ ነበር። የእስራኤል ቤዝቦል ሊግን የመሠረተው ላሪ ባራስ ክሬም አይብ በውስጡ የተሞላ ቤግል (ክብ ዳቦ) በማምረት የሚታወቅ የቦስተን ነጋዴ ነው። በቴል አቪቭ፣ በነታንያ፣ በፔታ ቲክቫ፣ በራአናና፣ በሞዲዒንና በቤት ሼሜሽ ስም የተቋቋሙት ስድስቱም ቡድኖች የየራሳቸው ባለቤት አልነበራቸውም፤ ሁሉንም የያዘው ሊጉ ሲሆን ተጫዋቾቹንም የቀጠረው እርሱ ነበር። በእስራኤል የአሜሪካ አምባሳደር የነበሩት ዳን ኩርትዘር ኮሚሽነር ሆኑ፤ ጨዋታው በጁን 24 ቀን 2007 ተጀመረ። በተለመደው ቤዝቦል ዘጠኝ የሆነው ዙር ወደ ሰባት ዝቅ ብሎ፣ እኩል የወጡ ቡድኖች ደግሞ ኳስን ከሜዳ ውጭ በመምታት ውድድር እንዲለያዩ ተደርጎ፣ ስድስቱ ቡድኖች በሦስት ሜዳዎች ብቻ ተጫወቱ። ከሦስቱ አንዱም ነታንያ ውስጥ አልነበረም፤ ስለዚህ የከተማዋን ስም የለበሰውን ቡድን በደጁ ሊያይ የቻለ የነታንያም ሆነ የክፋር ዮና ነዋሪ አልነበረም። ዋንጫውን የቤት ሼሜሽ ቡድን ወሰደ። በዓመቱ መገባደጃ ኩርትዘርና በርካታ አማካሪዎች ሥራቸውን ለቀቁ፤ ሁለተኛ የውድድር ዘመንም አልመጣም። ለጉድለቱ ብዙ ምክንያት ሊደረደር ቢችልም፣ ዋነኛው ግን ኪሳራን ለዓመታት ችሎ የሚቆም ባለሀብትም ሆነ እኔ ባለቤቱ ነኝ የሚል የአካባቢ ሕዝብ አለመኖሩ ነው።

በእስራኤል የባለሀብት ገንዘብ የሚፈሰው ወደ እግር ኳስ ነው። ማካቢ ሃይፋን ከ1992 ጀምሮ የያዘው ያኮቭ ሻሃር በመኪና አስመጪነት፣ ማካቢ ቴል አቪቭን በ2009 የገዛው ካናዳዊው ሚቸል ጎልድሃር በገበያ ማዕከላት ግንባታ ሀብት ያፈሩ ናቸው። በ2007 ሃፖኤል ቤር ሼቫን የያዘችው አሎና ባርካት በባሏ በኤሊ ባርካት የቴክኖሎጂ መዋዕለ ንዋይ ተደግፋ ቡድኗን ከ2016 እስከ 2018 ለሦስት ተከታታይ ዋንጫዎች አብቅታለች። አምስት ጊዜ ሻምፒዮን የሆነው ማካቢ ነታንያ ግን ሌላውን ገጽታ ያሳያል፤ የጀርመኑ ነጋዴ ዳንኤል ያመር በ2004 ገዝቶት አሠልጣኙን ሎታር ማትያስን እስከመቅጠር ቢያደርሰውም፣ ከእርሱ መውጣት በኋላ በ2013 ከፕሪሚየር ሊጉ ወረደ። ቤታር ኢየሩሳሌምም በባለሀብቱ በአርካዲ ጋይዳማክ ገንዘብ በ2007 እና በ2008 ዋንጫ አንሥቶ ገንዘቡ ሲቆም ተዳክሟል። ከኢትዮጵያዊ ቤተሰብ በነታንያ የተወለደውና ለእስራኤል ብሔራዊ ቡድን አምበልነት የበቃው ኤሊ ዳሳ የሙያ ጨዋታውን የጀመረው በዚሁ ቤታር ውስጥ ነው፤ እንደ እርሱ ያሉ ልጆች ዕድገት የባለቤቶቹን ቦርሳ ተከትሎ መውጣት መውረዱ በእስራኤል ላለው የኢትዮጵያውያን ማኅበረሰብ ቀላል ነገር አይደለም።

የነታንያ ታይገርስ በተጫወተበት በዚያው በ2007 በባለቤቶች ጠብ የተማረሩ የሃፖኤል ኢየሩሳሌም ደጋፊዎች ገንዘብ አዋጥተው ሃፖኤል ካታሞን የተባለውን ክለብ መሠረቱ። ደጋፊዎቹ ከታችኛው ሊግ ተነሥተው፣ በ2020 የነባሩን ክለብ ስም ተረክበው፣ በ2021 ወደ ፕሪሚየር ሊግ ወጡ። የቤዝቦሉ ሊግ ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰም።