ሳልመን በቅመም፦ ስለ ኦቨን ዓሣ የሚባለውና እውነታው

በሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ በአሌክሳንድሪያ፣ በስቶክሆልምም ሆነ በፍራንክፈርት የሚኖር ሐበሻ ሱፐርማርኬት በገባ ቁጥር ሳልመን ያያል። ይሁንና ብዙው ሰው አይቶ ያልፈዋል። «ይሸታል»፣ «ይደርቃል»፣ «ቀለም የተቀባ ነው»፣ «ዓሣ መሥራት ጊዜ ይፈልጋል» ይባላል። ደፍሮ የሚገዛውም ቢሆን ደጋግሞ ያጥበዋል፣ ሎሚ ውስጥ ያሳድረዋል፣ ኦቨን ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያቆየዋል። በመጨረሻ የደረቀ ነገር ሲቀርብለት ጥፋቱን በዓሣው ያላክካል።

ዓሣው ምንም አላጠፋም። ሳልመን ከሥራ ደክሞ የገባ ሰው በሳምንቱ መካከል ሊሠራቸው ከሚችላቸው እራቶች ሁሉ ቀላሉ ነው። ማታ 1 ሰዓት ላይ ቤቱ የደረሰ ሰው 1 ሰዓት ተኩል ላይ ማዕድ ሊቀርብ ይችላል። የሚያበላሸው የእኛ እንክብካቤ መብዛቱ ነው። ስለዚህ አስቀድሜ አሠራሩን ላስቀምጥ፤ ተረቶቹ ከዚያ በኋላ ይመጣሉ።

ለ4 ሰው ቆዳው ያልተገፈፈ 4 ቁራጭ ሳልመን ያስፈልጋል፤ እያንዳንዱ ከ150 እስከ 170 ግራም ቢሆን ይበቃል። 2 የሻይ ማንኪያ በርበሬ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ከሙን፣ 1 የሻይ ማንኪያ ድንብላል፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ኮረሪማ፣ 1 የሻይ ማንኪያ ቡናማ ስኳርና 1 የሻይ ማንኪያ ጨው ቀላቅሉ። ቅመሞቹ ሁሉ የተፈጩ ይሁኑ። በርበሬያችሁ ጨው የገባበት ከሆነ ጨዉን በግማሽ ቀንሱ። ቤት ውስጥ መከለሻ ካለ ከሙኑንና ኮረሪማውን ይተካል። በርበሬ ለማይችሉ ልጆች ፓፕሪካ ይሁንላቸው። ኦቨኑን 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ አሙቁ፤ የአሜሪካ ኦቨን ከሆነ 400 ፋራናይት ማለት ነው። ዓሣውን በወጥ ቤት ሶፍት አድርቁት፣ ዘይት ቀቡት፣ ቅመሙን ከላይና ከጎን እሹት። ከዚያ ቆዳውን ወደ ታች አድርጋችሁ ትሪው ላይ ደርድሩ። 2.5 ሳንቲሜትር ውፍረት ያለው ቁራጭ ከ12 እስከ 15 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ በ10ኛው ደቂቃ ላይ ግን ማየት ጀምሩ። ሎሚው የሚጨመቀው በመጨረሻ ነው።

ተረት፦ «ዓሣ በሎሚና በጨው ደጋግሞ ካልታጠበ አይበላም»

ይህ ልማድ ያለምክንያት አልመጣም። ከዝዋይ ወይም ከጫሞ የወጣ ሙሉ ቆሮሶ ቅርፊቱ ሲፋቅ፣ ሆድ ዕቃው ሲወጣ፣ ደሙ ሲጸዳ ውሃ ያስፈልገዋል። እናቶቻችን ያጠቡት የሚታጠብ ነገር ስለነበረው ነው። ተጸድቶና ተቆርጦ የመጣ የሳልመን ፊሌቶ ግን ይህ ሁሉ አልፎለታል። ቧንቧ ሥር ስታደርጉት በላዩ ላይ ያለው ባክቴሪያ አይሞትም፤ ከውሃው ጋር እየተረጨ ወደ መታጠቢያ ገንዳው፣ ወደ ሰላጣው፣ አጠገቡ ወዳለው ብርጭቆ ይዛመታል። ሎሚም ቢሆን ጀርሙን ጨርሶ ስለማይገድለው አያስተማምንም። የሚገድለው ሙቀት ነው።

ሌላም ጉዳት አለው። እርጥብ ዓሣ ላይ ቅመም አይጣበቅም፣ እየተንሸራተተ ትሪው ላይ ይቀራል። ኦቨን ውስጥ ሲገባም ያ ውሃ እስኪተን ድረስ ገጽታው አይጠበስም፣ ይቀቀላል። ስለዚህ ሶፍቱን ሳትሳሱ ተጠቀሙ፤ ስትነኩት ጣታችሁ ላይ እርጥበት እስከማይቀር ድረስ አድርቁት። የነካችሁበትን እጅና ሰሌዳ በሳሙና እጠቡ።

ሎሚ ሽታ ያጠፋል የሚለው ግን እውነት አለው። የባሕር ዓሣ ሲቆይ የሚያመጣው ሽታ በአብዛኛው ትራይሜቲላሚን ከሚባል ንጥረ ነገር ነው። የሎሚው አሲድ ይህን ንጥረ ነገር ወደማይተን ጨው ስለሚለውጠው አፍንጫችን ጋ አይደርስም። ለዚህ ግን ማዕድ ላይ የሚጨመቅ ሎሚ ይበቃል። ለሰዓታት ሎሚ ውስጥ የተዘፈዘፈ ሳልመን እሳት ሳያየው ላዩ ይነጣል፣ አሲዱ ፕሮቲኑን ያረጋዋል፤ ኦቨን ሲገባ ደግሞ ሻካራ ይሆናል። በተረፈ ጥሩ ሳልመን ሲገዛ የባሕር ሽታ እንጂ የሚከረፋ ሽታ የለውም። የሚከረፋውን ሎሚ አያድነውም፤ አትግዙት።

ተረት፦ «መሃሉ ሮዝ ከሆነ አልበሰለም»

ከሁሉም ተረቶች በላይ እራት የሚያበላሸው ይህ ነው። የበሬ ሥጋ ሲበስል ቀይነቱ ወደ ቡናማ ስለሚለወጥ ዓይናችን ብስለትን በቀለም መለካት ለምዷል። የሳልመን ቀለም ግን ሌላ ነገር ነው። አስታዛንቲን ይባላል፤ ካሮትን ብርቱካንማ ካደረጉት ንጥረ ነገሮች ጋር ዝምድና አለው፤ በእራት ሙቀት አይጠፋም። ሙሉ በሙሉ የበሰለ ሳልመንም ሮዝ ነው። ሮዙ እስኪጠፋ እጠብቃለሁ ያለ ሰው ዓሣው እንደ እንጨት እስኪደርቅ ይጠብቃል።

መታየት ያለበት ሌላ ምልክት ነው። ጥሬ ሳልመን ያብለጨልጫል፣ ብርሃን በከፊል ያሳልፋል፤ ሲበስል ይደበዝዛል። ሹካ በወፍራሙ ቦታ አስገብታችሁ በቀስታ ጠምዝዙ። ሥጋው በተፈጥሮው ተደራርቦ የተሠራ ነውና ከበሰለ ንብርብሮቹ በቀላሉ ይላቀቃሉ። ካልበሰለ እርስ በርስ ተያይዘው ይጎተታሉ።

ከዓይንም ከሹካም በላይ የሚታመነው የወጥ ቤት ቴርሞሜትር ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለዓሣ የሚመክረው የውስጥ ሙቀት 63 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። ብዙ የሬስቶራንት አብሳዮች ከዚያ በታች፣ 52 አካባቢ ሲደርስ ያወጡታል፤ በእርግጥም የበለጠ ይለሰልሳል። ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን፣ አረጋዊ ወይም የበሽታ መከላከል አቅሙ የተዳከመ ሰው ባለበት ቤት ግን ከ63 ባትወርዱ እመክራለሁ። 63 ላይ የወጣ ሳልመን ይጣፍጣል። ያን ደረቅ ነገር የሚያመጣው ሙቀቱ ከዚያ አልፎ 75 እና 80 ሲገባ ነው።

ከበሬ ሥጋ ጋር ያለው ልዩነት ከጅማቱ ይመጣል። የበሬ ሥጋ ብዙ ሰዓት የሚቀቀለው ጠንካራው ጅማት እስኪሟሽሽ ነው። የዓሣ ጅማት ጥቂትና ስስ ስለሆነ በዝቅተኛ ሙቀት ይለሰልሳል። ከዚያ በኋላ የሚጨመር እያንዳንዱ ደቂቃ ውሃውን ጨምቆ ከማውጣት በቀር ጥቅም የለውም። ወጥ ሲቆይ ይጣፍጣል፤ ይህን ልማድ ወደ ሳልመን ማምጣት ግን ስሕተት ነው።

ሲበስል ከጎኑ እየወጣ የሚረጋው ነጭ ነገር ብዙ ሰው ያስደነግጣል፤ ስብ ነው የሚል አለ፣ በሽታ ነው የሚልም አለ። አልቡሚን የሚባል ፕሮቲን ነው፤ ሥጋው ሲኮማተር ወደ ውጭ ተገፍቶ ይረጋል። ይበላል፣ ጉዳት የለውም። ሲበዛ ግን እሳቱ እንደበረታ ወይም ሰዓቱ እንዳለፈ ይነግራችኋል። መልኩን ካልወደዳችሁት ዓሣውን ከማድረቃችሁ በፊት ጨው በተበጠበጠበት ቀዝቃዛ ውሃ ለ10 ደቂቃ ዘፍዝፉት፤ በደንብ ይቀንሳል። ያኔ ከቅመሙ ውስጥ ጨዉን አውጡ።

ተረት፦ «የእርባታ ሳልመን ቀለም የተቀባ ነው»

ማንም ብሩሽ ይዞ አይቀባውም፣ በመርፌም አይወጋውም። በባሕር የሚኖረው ሳልመን ቀለሙን የሚያገኘው ከሚበላቸው ትናንሽ ሽሪምፕ መሰል ፍጥረታት ነው። ለእርባታው ደግሞ ያው አስታዛንቲን፣ በፋብሪካ የተሠራው ወይም ከአልጌና ከመሳሰሉት የወጣው፣ ከመኖው ጋር ይሰጠዋል። ያለዚያ ሥጋው ገርጥቶ ግራጫ ይሆን ነበር። ወሬው የመጣው ከመለያ ጽሑፉ ይመስለኛል፤ በአሜሪካ ሕግ እንዲህ ያለ ዓሣ «ቀለም የተጨመረበት» ተብሎ መጻፍ አለበት፤ አንባቢውም ማቅለሚያ አድርጎ ይረዳዋል።

ለወጥ ቤት የሚጠቅመው ልዩነት ሌላ ነው። አትላንቲክ ሳልመን ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ለማለት ይቻላል ከእርባታ የመጣ ነው፤ በብዛት ከኖርዌይና ከቺሊ። አላስካ ዓሣ በቅጥር ማርባትን ከ1990 ጀምሮ በሕግ ከልክላለች፤ ስለዚህ የአላስካ ሳልመን የሚመጣው ከተፈጥሮ ባሕርና ወንዝ ተጠምዶ ነው። የእርባታው ስብ ስለሚበዛው ጥቂት ደቂቃ ቢያልፍበትም ይታገሣል። ሶካይ የሚባለው ደማቅ ቀይ የዱር ሳልመን ስቡ ጥቂት፣ ቁራጩም ቀጭን ስለሆነ በ8ኛው ደቂቃ ላይ ማየት ይጀመራል። ለጀማሪ የእርባታውን እመርጣለሁ።

ተረት፦ «በረዶ የገባ ዓሣ ሁለተኛ ደረጃ ነው»

«ትኩስ» ተብሎ መደርደሪያ ላይ ከተቀመጠው ውስጥ ብዙው ቀድሞ በረዶ የነበረና ሱቁ ያቀለጠው ነው። በተጠመደ በሰዓታት ውስጥ የቀዘቀዘ ዓሣ መደርደሪያ ላይ ቀናት ካሳለፈው ይሻላል፣ ዋጋውም ይቀንሳል። እራቱ ከሚሠራበት ቀን በፊት ባለው ሌሊት ከፍሪዘር ወደ ፍሪጅ ማውረድ ብቻ ነው የሚፈልገው።

አንድ ነገር ግን አደራ። አየር በሌለበት ፕላስቲክ የታሸገውን ሳልመን ፍሪጅ ውስጥ ከማቅለጣችሁ በፊት ማሸጊያውን ክፈቱት ወይም ቅደዱት። ቦቱሊዝም የሚባለውን ከባድ መመረዝ የሚያመጣው ባክቴሪያ አየር በሌለበት ይራባል፤ በዓሣ ላይ የሚገኘው ዓይነት ደግሞ በፍሪጅ ቅዝቃዜም ማደግ ይችላል። ብዙ ማሸጊያ ላይ ይህ ማስጠንቀቂያ በትንሽ ፊደል ተጽፏል፤ የሚያነበው ግን ጥቂት ሰው ነው።

ተረት፦ «በርበሬ ሳይቁላላ አይበላም»

ሚጥሚጣ ክትፎ ላይ ሲነሰነስ፣ አዋዜ ከጥብስ ጋር ሲቀርብ ማን አቁላላው? ወጥ ላይ የምናቁላላው በማንኪያ ሳይሆን በጭልፋ የሚገባ በርበሬ ስለሆነ፣ ሽንኩርቱና ዘይቱም ተዋሕደውት እንዲበስል ስለምንፈልግ ነው። ዓሣው ላይ ግን ስስ ሽፋን ነው፤ በዘይቱና ከሳልመኑ በሚወጣው ስብ ውስጥ እዚያው ይጠበሳል። የቅመም መዓዛ በስብ ውስጥ ስለሚሟሟ ሳልመን ከደረቅ ዓሣ ይልቅ ቅመም ይቀበላል። በርበሬ የዓሣውን ጣዕም ይሸፍነዋል የሚሉም አሉ፤ ስስ ዓሣ ሊሸፍን ይችላል፣ ሳልመን ግን የራሱ ጠንካራ ጣዕም ስላለው ይቋቋመዋል። በንጥር ቅቤ ፋንታ ዘይት ያልኩት ሳልመኑ የራሱ ስብ ስላለው ነው፤ ቅቤው በስቡ ላይ ስብ ሆኖ ይከብዳል።

በርበሬና ስኳር በጣም በጋለ እሳት ያርራሉ፣ ይመራሉም። ስለዚህ ከላይ የሚያነድደውን የኦቨኑን ክፍል አትጠቀሙ፤ 200 ዲግሪና መሃለኛው መደርደሪያ ይበቃሉ።

ተረት፦ «ነፍሰ ጡር ዓሣ አትብላ፣ ሜርኩሪ አለው»

ሜርኩሪ የሚከማቸው ረጅም ዕድሜ በሚኖሩና ሌላ ዓሣ በሚበሉ ትላልቅ ዓሦች ውስጥ ነው፤ ሻርክና ስዎርድፊሽ ምሳሌ ናቸው። ሳልመን ሜርኩሪው ዝቅተኛ ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ሳልመንን ለነፍሰ ጡሮች ከሚመረጡት ዓሦች ውስጥ ያስቀምጠዋል፤ ሜርኩሪያቸው ዝቅተኛ ከሆኑት ዓሦች በሳምንት ከ227 እስከ 340 ግራም እንዲበሉም ይመክራል። በውስጡ ያለው ኦሜጋ 3 ለፅንሱ አእምሮ ዕድገት ይጠቅማል። የአሜሪካ የልብ ማኅበርም ለማንኛውም አዋቂ በሳምንት ሁለት ጊዜ ዓሣ ይመክራል። በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ለነፍስ አባታችሁ እተዋለሁ።

የሳልመኑ ቆዳም ይበላል። ከቆዳው ሥር ያለው ግራጫ ንብርብርም የተበላሸ ክፍል አይደለም፤ ስብ የበዛበት ጡንቻ ነው፣ ጠንከር ያለ ጣዕም ያልወደደ ያንሳው።

አዲስ አበባ ላላችሁ ሳልመን በረዶ ሆኖ ከውጭ የሚመጣ ውድ ዕቃ ነው። ይኸው ቅመም በናይል ፐርች ፊሌቶ ላይ ይሠራል፤ ዘይቱን ጨምሩ፣ ስስ ሥጋ ስለሆነ ደቂቃውን ተጠንቀቁ። የሳልመን ዘመድ የሆነው ትራውትም ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች፣ በዌብና በዳንካ ወንዞች ይኖራል፤ ያገኘ ሰው በዚሁ መንገድ ሊሠራው ይችላል።

የተረፈውን በ2 ሰዓት ውስጥ ፍሪጅ አስገቡ፤ እስከ 3 ቀን ይቆያል። በማይክሮዌቭ ማሞቁ ያደርቀዋል፣ ሽታውንም ያወጣዋል። በነጋታው ቀዝቃዛውን ፈረካክሳችሁ ከሰላጣ ጋር ብሉት። የወጥ ቤት ቴርሞሜትር ከሌላችሁ ደግሞ ቀጣዩን ሳልመን ከመግዛታችሁ በፊት እሱን ግዙ።