የጣሊያን ሲኒማ፦ የሚያሳየውና የሚሸሽገው

ሙሶሊኒ ቺኔቺታ የተባለውን ግዙፍ የፊልም ስቱዲዮ ሮም ላይ የመረቀው በ1937 ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ያኔ ሠራዊቱ አዲስ አበባ ከገባ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር። ሲኒማ ከመሣሪያ ሁሉ የበረታ መሣሪያ ነው የሚለው መፈክሩ ባዶ ፉከራ አልነበረም። በ1938 የወጣው «አብራሪው ሉቺያኖ ሴራ» የኢትዮጵያን ወረራ እንደ ጀግና ገድል አቀረበ፤ የቬኒስ ፌስቲቫልም በሙሶሊኒ ስም የተሰየመውን ዋንጫ ሸለመው። ሥራውን በበላይነት የመራው የሙሶሊኒ ልጅ ቪቶሪዮ ሲሆን፣ ራሱም በኢትዮጵያ ሰማይ ላይ ቦምብ የጣለ አብራሪ ነበር። ከድርሰቱ ተባባሪዎች አንዱ ሮቤርቶ ሮሴሊኒ ይባላል።

ይኸው ሮሴሊኒ በ1945 «ሮም፣ ክፍት ከተማ»ን ይዞ ብቅ አለ። ፋሺዝም ወድቋል፣ ቺኔቺታ የስደተኞች መጠለያ ሆኗል፣ ጥሬ ፊልም እንኳ በመከራ ነው የሚገኘው። ስለዚህ ካሜራው ጎዳና ወጣ። በፊልሙ አንድ ቄስና አንድ ኮሙኒስት ከተማዋን የያዙትን ጀርመኖች አብረው ሲታገሉ ይሞታሉ፤ በእውነቱም ዓለም ካቶሊኮችና ኮሙኒስቶች በአንድ የነጻነት ኮሚቴ ተሰልፈው ነበር። እውነተኛውን ኑሮ በጎዳና የሚቀርጸው፣ ኒዮሪያሊዝም የተባለው እንቅስቃሴ በዚህ ፊልም ገነነ።

የዘመኑን ችግር ግን ከቪቶሪዮ ዴ ሲካ «የብስክሌት ሌቦች» (1948) አስበልጦ ያሳየ የለም። ሥራ አጡ አንቶኒዮ ግድግዳ ላይ ማስታወቂያ የመለጠፍ ሥራ ያገኛል። ያለ ብስክሌት አይቀጠርም፤ ብስክሌቱ ደግሞ መያዣ ቤት ነው። ሚስቱ ማሪያ የአልጋ አንሶላዎቻቸውን ገፍፋ ታስይዛለች። የመያዣ ቤቱ ሠራተኛ ጥቅሉን ታቅፎ መደርደሪያው ላይ ሲወጣ ካሜራው ይከተለዋል፤ እስከ ላይ ድረስ የተቆለለው ሁሉ የሌሎች ቤተሰቦች አንሶላ ነው። አንድም ቃል ሳይነገር የአገሪቱ ድህነት እዚያ ይታያል። ካየኋቸው የፊልም ትዕይንቶች ይህን የሚያህልብኝ የለም። አንቶኒዮን ሆኖ የተጫወተው ላምቤርቶ ማጆራኒም በሙያው የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር።

መንግሥት ድህነቱ እንዲህ መታየቱን አልወደደም። የሲኒማ ጉዳይ በእጁ የነበረው ወጣቱ ባለሥልጣን ጁሊዮ አንድሬዮቲ፣ በ1949 በወጣው ሕግ የመንግሥት ድጎማን ከድርሰት ምርመራ ጋር አስተሳሰረ። ዴ ሲካ በ1952 የተቸገረ ጡረተኛና ውሻውን የሚያሳየውን «ኡምቤርቶ ዲ»ን ሲያወጣ፣ አንድሬዮቲ አገሩን በዓለም ፊት አሳጣ ብሎ በግልጽ ደብዳቤ ወቀሰው። ሰባት ጊዜ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ይህ ሰው፣ በ2008 በፓውሎ ሶሬንቲኖ «ኢል ዲቮ» ራሱ የፊልም ርዕሰ ጉዳይ ሆኗል።

ጣሊያን ድሆቿን፣ ማፍያዋን፣ ሙሰኛ ሹሞቿን በድፍረት ቀርጻለች፤ ለዚህ ልትከበር ይገባል። በአፍሪካ የፈጸመችውን ግን ሲኒማዋ ለረጅም ዘመን በዝምታ አልፎታል። ስለ ኢትዮጵያ ወረራ የሚተርከው የጁሊያኖ ሞንታልዶ «ቴምፖ ዲ ኡቺዴሬ» የወጣው በ1989 ነው። ዝምታውም የአገሪቱ ፖለቲካ መልክ ነው፤ ከፊልሞቿ እኩል መነበብ አለበት። ዝምታው በእገዳም ተጠብቋል፤ የሊቢያውን አርበኛ የዑመር ሙክታርን ተጋድሎ የሚያሳየው «የበረሃው አንበሳ» የሠራዊቱን ክብር ይነካል ተብሎ በ1982 ጣሊያን ውስጥ ታገደ። በአገሪቱ ቴሌቪዥን የታየው የሊቢያው መሪ ጋዳፊ ሮምን በጎበኘበት በ2009 ነው።