መረቡን ራሱን መጠየቅ

አንድ ድርጅት ስንት ኮምፒዩተሮች እንዳሉት ለማወቅ ቢፈለግ በቅድሚያ የሚጠየቀው ንብረት ክፍል ነው። የክፍሉ ሠራተኛ መዝገቡን ገልጦ፣ በየዕቃው ላይ የተለጠፈውን ቁጥር አመሳክሮ መልስ ይሰጣል። መዝገቡ የሚያውቀው ግን የበጀት ዓመቱ ሲዘጋ፣ በሰኔ መጨረሻ፣ በተደረገው ቆጠራ የታየውን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲህ ከአንዱ ቢሮ ወደ ሌላው የተዛወረውን፣ አዲስ ፕሮግራም የተጫነበትን፣ ወይም አንድ ሠራተኛ ከቤቱ አምጥቶ የሰካውን መሣሪያ አያውቅም። ለጠረጴዛና ለወንበር እንዲህ ያለው መዝገብ ይበቃል። በጠረጴዛ በኩል ከሌላ አህጉር በሌሊት ሰርጎ የሚገባ የለም።

የዚህ ጉድለት ዋጋ ምን ያህል ከባድ ሊሆን እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ2017 በአሜሪካ የደረሰ አንድ ክስተት ያሳያል። ኢኩፋክስ የሰዎችን የብድር ታሪክ እየሰበሰበ ለአበዳሪዎች የሚያቀርብ ኩባንያ ነው። በዚያ ዓመት ማርች 7 ቀን፣ የድረ ገጽ አገልግሎቶች በሚገነቡበት አፓቼ ስትራትስ በተባለ ሶፍትዌር ውስጥ አደገኛ ቀዳዳ መገኘቱና ማስተካከያም መዘጋጀቱ ይፋ ሆነ። ኩባንያው ማስተካከያው በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲጫን ሠራተኞቹን በኢሜይል አዘዘ። ማርች 15 ቀንም ስትራትስ የት የት እንዳለ በቅኝት አስፈለገ። ቅኝቱ ምንም አላገኘም። ሶፍትዌሩ ግን ደንበኞች ቅሬታ በሚያቀርቡበት አሮጌ ሥርዓት ውስጥ ነበር፤ ቃኚው የላይኛውን ፎልደር ብቻ ስለፈተሸ ከሥሩ ያለውን አላየም። ሰርጎ ገቦች ከሜይ አጋማሽ እስከ ጁላይ መጨረሻ ድረስ በዚያ በር ሲገቡና ሲወጡ ቆይተው የ147 ሚሊዮን ያህል ሰዎችን የግል መረጃ ወሰዱ። ትራፊኩን እንዲከታተል የተተከለውም መሣሪያ የዲጂታል ምስክር ወረቀቱ ጊዜ ካለፈበት ወራት ተቆጥረው ስለነበር የተመሰጠረውን ማየት አልቻለም። የአሜሪካ ሴኔት መርማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ዘገባ ኩባንያው የኮምፒዩተርና የሶፍትዌር ሀብቱን የተሟላ ዝርዝር እንዳልነበረው አመልክተዋል። በእኔ አስተያየት ከዚህ ሁሉ እጅግ አስደንጋጩ ኢሜይሉ ነው። ትእዛዙ ተላልፏል፤ የሚፈጸምበት ቦታ ግን አይታወቅም ነበር።

እንግዲህ የመረብ ቅኝት ሶፍትዌር የሚባለው መዝገቡን ትቶ መረቡን ራሱን የሚጠይቅ ፕሮግራም ነው። ከጥያቄዎቹ ሁሉ ቀላሉ «አለህ ወይ?» የሚለው ነው። ይህን የሚያደርገውን ፒንግ የተባለ ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ1983 የጻፈው የአሜሪካ ጦር ሠራዊት የምርምር ላቦራቶሪ ባልደረባ የነበረው ማይክ ሙስ ሲሆን፣ ስሙም ሰርጓጅ መርከቦች ድምፅ ልከው የገደል ማሚቶውን በመስማት በውኃ ውስጥ ያለን ነገር ከሚያገኙበት ዘዴ የተወሰደ ነው። በአንድ አነስተኛ መረብ ውስጥ ብዙውን ጊዜ 254 አድራሻዎች አሉ፤ ቃኚው ለእያንዳንዳቸው ጥያቄውን ልኮ መልስ ይጠብቃል። ሆኖም ብዙ ኮምፒዩተሮች በፋየርዎል ተከልለው ለፒንግ ዝም ይላሉ። በዚህ ጊዜ የሚረዳው ኤ.አር.ፒ. የተባለው ሥርዓት ነው። ይህም በአካባቢው መረብ ላሉ ሁሉ «ይህ አድራሻ የማን ነው?» ተብሎ የሚቀርብ ጥሪ ነው። ለዚህ ጥሪ ዝም የሚል ኮምፒዩተር ከጎረቤቶቹ መልእክት ሊደርሰው ስለማይችል፣ ፋየርዎል ያለውም ቢሆን «የእኔ ነው» ማለቱ አይቀርም።

መልሱ የሚመጣው የመረብ ካርዱን ባለ 48 ቢት ቁጥር፣ ማለትም ማክ አድራሻውን ይዞ ነው። የመጀመሪያዎቹ 24 ቢቶች በተለምዶ ለአምራቹ የተመዘገቡ ስለሆኑ ካርዱን የሠራው ማን እንደሆነ ይታወቃል። የዛሬ ስልኮች ግን ክትትልን ለመከላከል ሲሉ በዘፈቀደ የተመረጠ ማክ አድራሻ ስለሚጠቀሙ በዚህ ምልክት ብቻ መተማመን አይቻልም።

ሌላም ምልክት አለ፤ ይህኛውን አንባቢ ራሱ ሊሞክረው ይችላል። በመረብ ላይ የሚጓዝ እያንዳንዱ ጥቅል የዕድሜ ቁጥር ይዞ ይነሣል፤ ባለፈበት ራውተር ሁሉ ከቁጥሩ ላይ 1 ይቀነሳል። ሊኑክስ በተለምዶ ከ64፣ ዊንዶውስ ደግሞ ከ128 ይጀምራሉ። ስለዚህ ለፒንግ የመጣው መልስ 125 የሚል ቁጥር ከያዘ፣ ላኪው ምናልባት ዊንዶውስ ነው፤ በመካከላችሁም 3 ራውተሮች አሉ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ይፋ የሆነውና እስከ ዛሬ በሰፊው የሚሠራበት ኤንማፕ የተባለ ቃኚ እንዲህ ያሉ ብዙ ጥቃቅን ልማዶችን አሰባስቦ የመሣሪያውን ማንነት ይገምታል።

የበለጠ የሚያውቁት ግን ስዊቾችና ራውተሮች ናቸው። አንድ ስዊች የትኛው ማክ አድራሻ በየትኛው መሰኪያው በኩል እንዳለ የሚያሳይ ሠንጠረዥ አለው። ራውተሩም በቅርብ ያነጋገራቸውን አድራሻዎች ይመዘግባል። እነዚህን ሠንጠረዦች ኤስ.ኤን.ኤም.ፒ. በተባለው፣ እ.ኤ.አ. ከ1988 ጀምሮ ባለ የጥያቄ ቋንቋ ማንበብ ይቻላል። ቃኚው ከአንድ ራውተር ይነሣል፤ ጎረቤቶቹን ጠይቆ በወረፋ ያስቀምጣቸዋል፤ ከዚያ እያንዳንዳቸውን ተራ በተራ እየጎበኘ የእነርሱን ጎረቤቶች ይጨምራል። የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪዎች ይህ በግራፍ ላይ የሚደረግ የወርድ ፍለጋ መሆኑን ሳያስተውሉ አይቀሩም። የተጎበኙትን መዝግቦ ካልያዘ ቃኚው በዙሪያ ሲሽከረከር ይኖራል።

በየኮምፒዩተሩ ውስጥ ያለውን ሜሞሪ፣ ዲስክና የተጫነ ፕሮግራም ለማወቅ ደግሞ ብዙ ድርጅቶች በእያንዳንዱ ላይ ሪፖርት የሚልክ ትንሽ ፕሮግራም ይጭናሉ። ጂ.ኤል.ፒ.አይ.ና ኦ.ሲ.ኤስ. ኢንቬንቶሪ የመሳሰሉት ነጻ ሶፍትዌሮች በዚህ መንገድ ይሠራሉ። እንዲህ ያለው ወኪል ውስጡን አጥርቶ ያያል፤ ግን የሚያየው የተጫነበትን ብቻ ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ሥራ የሚጀምረው መረጃው ከተሰበሰበ በኋላ ነው። አንድ ላፕቶፕ በኬብል ሲሰካ በአንድ ማክ አድራሻ፣ በገመድ አልባ ሲገናኝ በሌላ ይታያል፤ ወኪሉ ደግሞ በሦስተኛ ስም ያስመዘግበዋል። በዝርዝሩ ላይ ሦስት ኮምፒዩተሮች አሉ፤ በጠረጴዛው ላይ ግን አንድ። ተቃራኒውም ይደርሳል፦ ከአንድ ዲስክ የተገለበጡ 20 ኮምፒዩተሮች ተመሳሳይ የመለያ ቁጥር ይዘው እንደ አንድ ሊቆጠሩ ይችላሉ። የትኛው ምልክት ከየትኛው ይበልጥ ይታመን? የፋብሪካው ተከታታይ ቁጥር ወይስ ማክ አድራሻው ወይስ ስሙ? በአንድ ምልክት ከመወሰን ብዙዎቹን አመዛዝኖ መፍረድ ይሻላል፤ የተሻሉት ሶፍትዌሮችም የሚለዩት በዚህ ነው።

ታዲያ ያልታየውን እንዴት ማወቅ ይቻላል? መልሱ የሚገኘው ከዓሣ ተመራማሪዎች ዘንድ ነው። የሐይቅ ዓሦችን ብዛት ለመገመት ጥቂቱን ይዘው ምልክት አድርገው ይለቃሉ፤ በሌላ ቀን እንደገና ያጠምዱና ከተያዙት ውስጥ ስንቱ ምልክት እንዳለው ይቆጥራሉ። ለምሳሌ ያህል የንብረት መዝገቡ 200 ኮምፒዩተሮች፣ ቅኝቱ 180 አሏቸው እንበል፤ በሁለቱም የሚገኙት 150 ናቸው። ቅኝቱ በመዝገብ ካሉት 200 ውስጥ ያገኘው 150ውን፣ ማለትም ሦስት አራተኛውን ነው። ከጠቅላላውም ሦስት አራተኛውን ያገኛል ብንል፣ 180 የ240 ሦስት አራተኛ ስለሆነ ጠቅላላው 240 ይሆናል። ሁለቱ ዝርዝሮች ተደምረው የሚያሳዩት ግን 230 ብቻ ነው። ማንም ያላያቸው 10 ያህል ኮምፒዩተሮች በአንድ ስፍራ አሉ ማለት ነው። ስሌቱ የሚሠራው ሁለቱ ዝርዝሮች አንዱ በሌላው ላይ ጥገኛ ካልሆኑ ነው። በግዢ ሥርዓት ያላለፈ መሣሪያ ከቅኝትም የመሰወር ልማድ ካለው፣ እውነተኛው ቁጥር ከግምቱ ይበልጣል።

አድራሻን አንድ በአንድ የማንኳኳቱ ዘዴም ገደብ አለው። በአዲሱ የኢንተርኔት አድራሻ ሥርዓት፣ በአይ.ፒ. 6፣ አንድ መረብ ብቻ 2 በ64 ኃይል ሲነሣ የሚገኘውን ያህል አድራሻ ይይዛል። በሴኮንድ አንድ ሚሊዮን አድራሻ ቢጠየቅ እንኳ ቅኝቱን ለመጨረስ ከ580,000 ዓመት በላይ ይፈጃል። ስለዚህ በእንዲህ ያለ መረብ ላይ ቃኚው ማንኳኳቱን ትቶ የሚያልፈውን ትራፊክ ያዳምጣል፤ የራውተሮችንም ሠንጠረዥ ያነባል። ማዳመጥ ሌላም ጥቅም አለው። በፋብሪካና በሆስፒታል የሚገኙ አንዳንድ አሮጌ መሣሪያዎች ያልጠበቁት ጥያቄ ሲደርሳቸው ሥራቸውን ሊያቆሙ ስለሚችሉ፣ እነርሱን አለመንካቱ ይመረጣል።

መሞከር ለሚፈልግ ተማሪ አመቺው ስፍራ የራሱ ቤት መረብ ወይም ኃላፊው በጽሑፍ የፈቀደለት ላቦራቶሪ ነው። ቃኚው ባለቤቱ ያልፈቀደውን በር ሲያንኳኳ ለተመልካች ከሰርጎ ገብ አይለይም፤ በአገራችንም የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ሌላ ሰው የኮምፒዩተር ሥርዓት መግባትን በወንጀል ያስቀጣል። ፈቃዱ ከተገኘ በኋላ መጀመሪያ በላቦራቶሪው ውስጥ ያሉትን መሣሪያዎች በዓይን ቆጥሮ በወረቀት መጻፍ፣ ቀጥሎ ኤንማፕን ማስነሣትና ሁለቱን ዝርዝሮች ጎን ለጎን ማስተያየት ነው። ብዙውን ጊዜ ከወረቀቱ ላይ የሚጎድሉት ፕሪንተሩና በጣሪያው ላይ የተሰቀለው የገመድ አልባ ማሠራጫ ናቸው።