ሃይዲ ሜዳ አይደለችም

ሃይዲ የሚለው የሴት ስም «ሜዳ» ማለት ነው ይባላል። ሐሜቱ መነሻ አለው። ጀርመንኛ ውስጥ «ሃይደ» የሚል ቃል አለ፤ ቁጥቋጦ የወረሰው ጠፍ መሬት ማለት ነው። ፍየል ተከትላ ተራራ ለተራራ የምትሮጠውን የልቦለድ ልጅ ለሚያስብ ሰው ደግሞ ትርጉሙ ልክ ይመጣል። ስህተት ነው እንጂ።

መልሱ ያለው እዚያው ልቦለዱ ውስጥ ነው። ስዊዘርላንዳዊቷ ዮሐና ሽፒሪ እ.ኤ.አ. በ1880 ባወጣችው በዚህ ታሪክ፣ ልጅቷ ፍራንክፈርት የሀብታም ቤት ስትገባ የቤቱ አዛዥ ስሟን ትጠይቃታለች። «ሃይዲ» ትላለች። ሴትዮዋ ይሄ የክርስትና ስም አይሆንም ብላ ስታፋጥጣት፣ አክስቷ ጣልቃ ገብታ በሟች እናቷ ስም አዴልሃይድ ተብላ መጠመቋን ትናገራለች። ሃይዲ የቤት ስም ነው፤ የስሙ ጭራ።

አዴልሃይድ ከሁለት ቃል የተሠራ ነው። «አዳል» በጥንቱ ጀርመንኛ የከበረ ትውልድ ነው። «ሃይት» ደግሞ ዓይነት፣ ሁኔታ፣ ማዕረግ። ይህቺ ሁለተኛዋ ዛሬም ሥራ ላይ ናት፤ ጀርመኖች እኛ «ነት»ን በምንጠቀምበት መንገድ ቃል ጫፍ ላይ ይቀጥሏታል፦ ፍራይ ነፃ፣ ፍራይሃይት ነፃነት። ለአዴልሃይድ አማርኛ ስፈልግላት «ጨዋነት» ነው የሚመጣብኝ፣ ያውም የድሮው፣ «የጨዋ ልጅ» ስንል የምናስበው።

አሊስ የግሪክ ስም ነው፣ «እውነት» ማለት ነው የሚሉም አሉ። እሷም ከዚሁ ቤት ናት። ፈረንሳዮች አዴልሃይድን አዴላይስ አሉት፣ እሱንም አሳጥረው አሊስ አደረጉት፤ ከዚያ ወደ እንግሊዝ ተሻገረ። እንግዲህ በ1865 በታተመው መጽሐፍ ጥንቸል ተከትላ ጉድጓድ የገባችው አሊስና የተራራዋ ሃይዲ ሞክሼዎች ናቸው።

የእረኛ ስም ነው የሚለው ግምት ከሁሉም ይርቃል። የቡርጎኟ አዴልሃይድ የኢጣሊያ ንጉሥ የነበረው ባሏ በ950 ሲሞት ዙፋኑን የወሰደው ሰው አሰራት፤ አምልጣ በ951 የጀርመኑን ንጉሥ ቀዳማዊ ኦቶን አገባች፣ በ962 ሮም ላይ አብራው የንግሥተ ነገሥትነት ዘውድ ጫነች። በ1836 የተቆረቆረችው የአውስትራሊያዋ አደሌድም ስሟን ያገኘችው ከእንግሊዙ ንጉሥ ከዊልያም አራተኛ ባለቤት ነው፤ ንግሥቲቱ ጀርመን አገር፣ ማይኒንገን የተወለደች አዴልሃይድ ነበረች።