ራዲያተር የሌላት ሞተር ቆላ ስትወርድ

ከደሴ ተነስቶ በኮምቦልቻና በባቲ አድርጎ ሚሌ የሚገባ ሞተረኛ 2,000 ሜትር ገደማ ቁልቁል ይወርዳል። ጠዋት ብርድ ፈርቶ በጃኬት የወጣውን ሰው ከሰዓት በኋላ ፊት የሚጠብስ ነፋስ ይቀበለዋል። የሚነዳት ሞተር ቦክሰር ትሁን ቲቪኤስ ወይም አሮጌ ያማሃ፣ ብዙውን ጊዜ ራዲያተር የላትም። ውሃ የሚዞርበት ቱቦም የላትም። ሙቀቷን የምታስወግደው በአየርና በዘይት ብቻ ነው።

ሲሊንደሩና ቴስታታው ላይ ተደራርበው የወጡት ስስ ክንፎች ለጌጥ አልተሠሩም፤ ብረቱ ከአየር ጋር የሚገናኝበትን ስፋት ብዙ እጥፍ ያደርጉታል። ውስጥ ቤንዚኑ ሲነድ የጋዙ ሙቀት ከ2,000 ዲግሪ ያልፋል፤ አሉሚኒየም ደግሞ በ660 ይቀልጣል። ሳይቀልጥ የሚውለው ቃጠሎው የቅጽበት በመሆኑና ሙቀቱ ሳይጠራቀም በክንፎቹ በኩል ስለሚሸሽ ነው። ከነዳጁ ጉልበት ጎማውን የሚያዞረው ሲሶ እንኳ አይሞላም። የቀረው ሙቀት ሆኖ ብዙው በማርሚታ፣ ሌላው በክንፎቹ ይወጣል።

ብዙ ሰው የሚፈራው ፀሐዩን ነው። ሒሳቡ ግን ሌላ ይላል። ቴስታታው 180 ዲግሪ ደርሷል እንበል። ደሴ ላይ አየሩ 20 ቢሆን ልዩነቱ 160 ነው፤ ሚሌ ላይ 40 ቢገባ 140 ይሆናል። ሙቀት የሚሸሸው በልዩነቱ ልክ ስለሆነ የቀነሰው የማቀዝቀዝ አቅም አንድ ስምንተኛ ነው። እንዲህ ለጋለ ብረት የአፋር ነፋስም ቀዝቃዛ ነው፤ ይንፈስለት እንጂ።

ሞተሯን የሚጎዳት መቆም ነው። ኬላ ላይ ሳያጠፉ መጠበቅ፣ ከጅቡቲ የሚመጣ ከባድ መኪና ኋላ ኋላ መንፏቀቅ። ከሁሉ የሚከፋው የመልሱ ዳገት ነው። ሰው አፈናጦ፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ በሰዓት 30 ኪሎ ሜትር የሚወጣ ሰው ነፋስ ከኋላው በ20 ቢገፋው ደስ ይለዋል፤ ክንፎቹ ግን የሚያገኙት የ10 ኪሎ ሜትር ነፋስ ብቻ ነው። ጉልበት በሚጠየቅበት ሰዓት አየሩ ጠፋ ማለት ነው።

ሰሪዎቹ ይህን አይስቱትም። በአየር የሚቀዘቅዘው ባጃጅ ሞተሩ ከኋላ ስለተሸሸገ የራሱ ማራገቢያ ተገጥሞለታል፤ ድሬዳዋ ላይ ቆሞ ሰው ሲጭን የሚያድነው እሱ ነው። ባለ ሁለት ሲሊንደሩ ሃርሊ ዴቪድሰን ላይ ደግሞ የኋላው ሲሊንደር በፊተኛው ስለሚከለል ይብስ ይግላል። ስለዚህ አንዳንዶቹ ሞዴሎች ቆመው በሚኒሞ ሲሠሩ የኋላውን ቃጠሎ ያቋርጣሉ። የእኛዎቹ ይህ ብልሃት የላቸውም። ቁልፍ ግን አላቸው፤ ማጥፋት ነው።

ዘይቱ የሚገባውን ምስጋና አያገኝም። ክንፎቹ የማይደርሱበትን የፒስተኑን ሆድ የሚያቀዘቅዘው እሱ ነው፤ ብዛቱ ደግሞ ከአንድ ሊትር ብዙም አይበልጥም። ትንሽ ጎደለ ተብሎ የሚታለፈው ጉድለት ቆላ ላይ ትንሽ አይደለም። የዘይት ጣሳው ላይ 20ደብሊው50 ተብሎ ሲጻፍ ሁለተኛው ቁጥር ዘይቱ በ100 ዲግሪ ያለውን ውፍረት ያመለክታል፤ የሞተሯ መጽሐፍ ከፈቀደ ለቆላ ከፍ ያለው ይሻላል።

ካርቡራቶሩም የራሱ ጣጣ አለው። ደጋ ላይ አየሩ ስስ ነው ብሎ መካኒኩ ቤንዚኑን ቀንሶለት ከሆነ፣ ቆላ ሲወርድ አየሩ ይወፍርና ቤንዚኑ ያንሰዋል፤ ቤንዚን ያነሰው ቃጠሎ ይበልጥ ይግላል። ካንዴላው ሲፈታ ነጭ ሆኖ ከተገኘ ነገሩ ይኸው ነው። ጋዝ ሲሰጡት ጣሳ ውስጥ እንዳለ ጠጠር ከተንኳኳ ወይም ጉልበቱ ከከዳ ደግሞ ጥላ ፈልጎ ማጥፋት እንጂ ውሃ መድፋት አያዋጣም፤ የጋለ ቴስታታ ውሃ ድንገት ሲያገኘው ሊጣመም ወይም ሊሰነጠቅ ይችላል። በክንፎቹ መካከል የደረቀ ጭቃ ካለ ከጉዞው በፊት፣ ሞተሩ ሳይሞቅ ይጠረግ።

የነጂው ነገር ተገላቢጦሽ ነው። ቆዳችን 35 ዲግሪ ገደማ ስለሆነ አየሩ ከዚያ ሲያልፍ ነፋሱ ማቀዝቀዙን ትቶ ማሞቅ ይጀምራል፤ የሚቀረን ላብ ብቻ ነው። እሱም ፍጥነት ላይ ሳይታወቅ ስለሚደርቅ ሰውየው አላላበኝም ብሎ ውሃ ሳይጠጣ ይነዳል። ጃኬት አውልቆ በካናቴራ መንዳትም ይህንኑ ያብሳል። ልምድ ያላቸው ካናቴራውን ውሃ ነክረው ይለብሱና ጃኬቱን ከላይ ይደርባሉ፤ ዚፑን ከአንገት ጥቂት ከፈት አድርገው ነፋሱን በልክ ያስገቡታል። እርጥበቱ ቀስ እያለ ሲተን እስከሚቀጥለው ጥላ ያደርሳቸዋል።