ዳማ ከሴ፦ የአጥር ጥግ ማስታገሻ

ከመካነ ኢየሱስ ወጣ ብሎ ባሉት የእስቴ መንደሮች አንድ ሰው ፀሐይ ውሎ ራሱን ይዞ ሲመለስ «ምች መታኝ» ካለ እናት ሌላ አትጠይቅም። ጓሮ ዞራ፣ ከጤና አዳሙ ጎን የዳማ ከሴውን ለምለም ቅጠል ትቀነጥሳለች። በሁለት መዳፏ መሀል ታሸዋለች፤ አረንጓዴው ጭማቂ በጣቶቿ መንጠብ ሲጀምር ጥቂቱን ትኩስ ቡና ላይ ትጨምቀዋለች፤ በቀረው ግንባሩንና አንገቱን ትቀባዋለች፤ የታሸውን ቅጠል ታሸትተውና ጋቢ ታከናንበዋለች። ላብ ላብ ሲለው ራሱም ቀለል ይለዋል።

ዳማ ከሴ የበሶብላ የቅርብ ዘመድ ነው። ቅጠሉ ላይ በዓይን የማይታዩ የዘይት ከረጢቶች አሉ፤ ሲታሽ ይፈነዳሉ፤ ሽታው ቤቱን የሚሞላውም ለዚህ ነው። ሲደርቅ ከዘይቱ ከፊሉ ይተናልና የእናቶቻችን ለምለሙን መምረጥ ትክክል ነው።

እ.ኤ.አ. በ2003 ተመራማሪው ኢያሱ መኮንንና ባልደረቦቻቸው ከቅጠሉ የወጣ ንጥር ትኩሳት በያዛቸው አይጦች ላይ ሞክረው ትኩሳት እንደሚያበርድ አሳይተዋል። ትኩሳትና ሕመም ደግሞ ሩቅ ለሩቅ አይደሉም፤ ፕሮስታግላንዲን የሚባለው የሰውነት መልእክተኛ ሁለቱንም ያባብሳል። ይህን ያስተዋልነው በአኻያ በኩል ነው። በየወንዛችን ዳር ከሚበቅለው አኻያ ወገን የሆነ ዛፍ ልጣጭ እ.ኤ.አ. በ1828 ሳሊሲን የተባለ ንጥረ ነገር ተለየ፤ ያ መንገድ በ1897 አስፕሪን ላይ አደረሰ፤ ተመራማሪው ጆን ቬን በ1971 አስፕሪን የፕሮስታግላንዲንን መሠራት እንደሚያግድ አሳየ። ዕፅዋት ሕመም የሚያስታግሡበት መንገድ ግን ይህ ብቻ አይደለም፤ ጥርሱን ያመመው ሰው ቅርንፉድ ሲነክስ ዩጂኖል የተባለው ዘይቱ ነርቩን ያደነዝዝለታል።

እኔን የሚያሳስበኝ ልኩ ነው። የአስፕሪን ፍሬ ስንት ሚሊግራም እንደሆነ ተጽፎበታል፤ የአንዷ እናት እፍኝ ግን ከጎረቤቷ እፍኝ ይለያል፤ የክረምቱ ቅጠልም ከበጋው። ለአዋቂ የሚበቃው ጭማቂ ለሕፃን ሊበዛ ይችላል፤ ነፍሰ ጡርም ሐኪም ሳትጠይቅ ባትጠጣው ይሻላል።

ደግሞም ትኩሳት በረደ ማለት ወባ ለቀቀ ማለት አይደለም። ቆላ ወርዶ የከረመ ሰው «ምች ነው» ብሎ ዳማ ከሴ ጠጥቶ ቢሻለውም ደሙን ይመርመር። አንገቱ የደረቀበት፣ ብርሃን የጠላ፣ የሚያስመልሰው ከሆነ ደግሞ ቅጠሉ እስኪታሽ አይጠበቅም፤ ወዲያው ጤና ጣቢያ ይወሰዳል።