የሳሎን ኮምፒውተር ሒሳብ፦ ውስን ገንዘብ የት ላይ ይዋል?

ከሳሎን ቴሌቪዥን ጋር ተገናኝቶ ፊልም፣ ሙዚቃና የኢንተርኔት ቪዲዮ ለማጫወት የተመደበ ኮምፒውተር «የቤት ሲኒማ ኮምፒውተር» የሚባል ሲሆን፣ ክፍሎቹን በውስን ገንዘብ መምረጥ የቴክኒክ ብቻ ሳይሆን የኢኮኖሚክስ ጥያቄም ነው። በኢኮኖሚክስ አንዱ ያለ ሌላው የማያገለግሉ ዕቃዎች ተደጋጋፊ ሸቀጦች ይባላሉ፤ ላምባ ያጣ ፋኖስ የቱንም ያህል ቢያምር ቤት እንደማያበራ ሁሉ፣ ፕሮሰሰሩ፣ ራሙ፣ ዲስኩና የምስል መውጫው አንድ ላይ ተደምረው የሚሰጡት ጥቅም ከመካከላቸው በደካማው ይገደባል። ስለዚህ ገዢው አስቀድሞ ሊለየው የሚገባው የትኛው ጉድለት ምስሉን እንደሚያበላሽ፣ የትኛው ደግሞ ዋጋውን ብቻ ቀንሶ ምስሉን እንደማይነካ ነው።

ጥንቃቄውን አስፈላጊ ያደረገው የምንዛሪ ለውጥ ነው። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ተመን በገበያ እንዲወሰን ከማድረጉ በፊት አንድ ዶላር በባንክ በ57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረ ሲሆን፣ በ2017 ዓ.ም. ማብቂያ ከ130 ብር በላይ ደርሷል። በባንክ ተመን ሲሰላ በውጭ አገር 100 ዶላር የሚያወጣ ዕቃ፣ ማጓጓዣ፣ ቀረጥ፣ 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስና የነጋዴው ትርፍ ሳይታከልበት፣ ከ5,700 ብር ወደ 13,000 ብር አሻቅቧል ማለት ነው። ቀድሞም በትይዩ ገበያው ተመን ያሰሉ የነበሩ አስመጪዎች ስላሉ የመደብር ዋጋ በዚሁ ልክ ላይጨምር ቢችልም፣ ሥራ ፈትቶ ለሚቀመጥ አቅም የሚከፈለው ብር ግን ከቀድሞው የበለጠ ያማል።

ምስሉን የሚወስነው ክፍል ፕሮሰሰሩ ነው። ቪዲዮ በፋይልም ሆነ በኢንተርኔት የሚመጣው ተጨምቆ በመሆኑ መልሶ መፈታት ያስፈልገዋል፤ የመጭመቂያና የመፍቻ ሥርዓቱም ኮዴክ ይባላል። ፕሮሰሰሩ ለዚሁ ሥራ የተለየ ክፍል ካለው ባለ 4ኬ ፊልም በጥቂት ዋት ያጫውታል፤ ከሌለው ግን በሙሉ ጉልበቱ እየታገለ ይሞቃል፣ ማራገቢያው ይጮኻል፣ ምስሉም ይቆራረጣል። የኢንቴል 7ኛ ትውልድ ፕሮሰሰሮች አብዛኞቹ የ4ኬ ፊልሞች የሚዘጋጁበትን ባለ 10 ቢት ኤች 265 በዚህ ልዩ ክፍል ሲፈቱ፣ ዩቲዩብ የሚጠቀምበትን አዲሱን ኤቪ1 ለመፍታት ግን 11ኛውን ትውልድ ወይም በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣውን ባለ 6 ዋት ኤን100 መጠበቅ አስፈልጓል። ለጌም የሚሠራ ውድ የግራፊክስ ካርድ ለዚህ ተግባር የሚጨምረው ጥቅም እጅግ ጥቂት ነው።

ዋናው ዕድል ያለው ያገለገሉ የቢሮ ኮምፒውተሮች ገበያ ውስጥ ነው። ማይክሮሶፍት የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉን ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ሲያቋርጥ፣ ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከኢንቴል በኩል በአመዛኙ 8ኛውንና ከዚያ በኋላ የመጡ ትውልዶችን ስለሚጠይቅ፣ የ7ኛው ትውልድ ማሽን ለቢሮ ያለው ተፈላጊነት ቀንሷል። ነገር ግን በዊንዶውስ ፈንታ በሊኑክስ ሥርዓተ ክወና ላይ ኮዲ የተባለውን ነፃ የማጫወቻ ፕሮግራም ለሚጭን ሰው ይህ ጉድለት ምንም አይደለም፤ ሌላው ገዢ የሸሸበት ምክንያት እርሱን ስለማይነካው ቅናሹ በሙሉ ትርፍ ይሆንለታል። ኔትፍሊክስን የመሰሉ የክፍያ አገልግሎቶች ባለ 4ኬ ሥርጭታቸውን በሊኑክስ ስለማይፈቅዱ፣ በእነርሱ ለሚመካ ተመልካች ግን ያው ጉድለት እውነተኛ ኪሳራ ነው።

ቁጠባው ሊከሽፍ የሚችለው ከሁሉ በትንሹ ዕቃ ነው። መጽሐፍ የሚያህሉት የቢሮ ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ የምስል መውጫቸው ዲስፕሌይፖርት ሲሆን ቴሌቪዥኑ የሚቀበለው ኤችዲኤምአይ በመሆኑ መቀየሪያ ያስፈልጋል፤ ርካሹ መቀየሪያ ብዙውን ጊዜ 4ኬ ምስል በሴኮንድ ከ30 ጊዜ በላይ ስለማያሳልፍ፣ ኳስ የሚያይ ሰው በፕሮሰሰሩ ላይ ያወጣው ገንዘብ እዚያች መቀየሪያ ላይ ይቀርበታል። ስለዚህ 60 ጊዜ የሚያሳልፈውን መቀየሪያ መግዛት ቅንጦት ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

በራምና በዲስክ ላይ ስሌቱ ቀላል ነው። ለማጫወት ብቻ 8 ጊጋባይት ራም ይበቃል፤ ሥርዓተ ክወናው በትንሽ ኤስኤስዲ ላይ ቢጫን ኮምፒውተሩ ፈጥኖ ይነሳል። በሴኮንድ 5 ሜጋቢት የሚፈስ የሁለት ሰዓት ፊልም 4.5 ጊጋባይት ስለሚይዝ፣ አንድ ቴራባይት ሃርድ ዲስክ 220 ያህል ፊልሞችን ያስቀምጣል፤ ፊልም በቅደም ተከተል ስለሚነበብም የሃርድ ዲስክ ፍጥነት ከበቂ በላይ ነው።

የመጨረሻው ወጪ በየወሩ የሚመጣው የመብራት ሒሳብ ነው። በቀን አምስት ሰዓት የሚሠራ ባለ 60 ዋት አሮጌ ዴስክቶፕ በ30 ቀን 9 ኪሎዋት ሰዓት ሲወስድ፣ 10 ዋት የሚበላው ትንሹ ማሽን ለዚያው ሥራ 1.5 ብቻ ይወስዳል። የአገሪቱ የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ፍጆታ በጨመረ ቁጥር የእያንዳንዱን ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ የሚያስወድድ በመሆኑ፣ ትርፉ 7.5 ኪሎዋት ሰዓት የሚከፈለው ቤተሰቡ በሚደርስበት ውዱ እርከን ነው። በነፃ የተገኘ አሮጌ ዴስክቶፕ እንኳ ዋጋ አለው፤ የሚከፈለው ግን በሱቁ ሳይሆን በየወሩ በመብራት ቢል ላይ ነው።